አቢዶስ ገብታችሁ ሄሊኮፕተር አትፈልጉ

ግብፅ፣ አቢዶስ፣ የጥንቱ ንጉሥ የቀዳማዊ ሴቲ ቤተ መቅደስ። እዚህ ድንጋይ ላይ ያለ አንድ ቅርጽ ሄሊኮፕተር ነው እየተባለ ይወራል። ሰው ይዤ በሄድኩ ቁጥር ገና ደጃፉን ሳናልፍ «ሄሊኮፕተሩ የታለ?» የሚለኝ አይጠፋም። እኔንስ ሰለቸኝ! ምሰሶዎቹ ላይ በተጋደመው ድንጋይ የምታዩት ሁለት ጽሑፍ ተደራርቦ ነው። ሴቲ «ዘጠኙን ቀስቶች የሚመልስ» የሚል ማዕረጉን አስቀረጸ። ዘጠኙ ቀስቶች የግብፅ ጠላቶች ናቸው። ልጁ ዳግማዊ ራምሴስ መጣና የአባቱን ጽሑፍ በጄሶ አስደፍኖ የራሱን ማዕረግ አስቀረጸበት። ከ3,000 ዓመት በላይ አለፈ፤ ጄሶው ረገፈ፤ የአባትና የልጅ ፊደል ተቀላቀለ። ሄሊኮፕተራችሁ ይኸው ነው። አሁን አንገታችሁን መልሱና እንግባ።

ውስጥ ጎን ለጎን ሰባት ክፍሎች አሉ፤ ስድስቱ የአማልክት፣ አንዱ የራሱ የሴቲ። እንደኛ መቅደስ ሁሉ ተራ ሰው አይገባባቸውም ነበር። ግድግዳው ላይ ጣዖቱ በየዕለቱ ሲታጠን፣ ልብስ ሲለብስ፣ ሽቶ ሲቀባ ታያላችሁ። ብዙው ጎብኚ አንዱን አይቶ «ያው ነው» ብሎ ይወጣል። ያው አይደለም! ከሰባቱ የስድስቱ የኋላ ግድግዳ በር መስሎ የተቀረጸ ድንጋይ ነው፤ የማያስገባ በር። የሙታን አምላክ የኦሲሪስ ክፍል ግን እውነተኛ በር አለው፤ ወደ ኋላ ሌሎች ክፍሎች ያሳልፋል።

ግድግዳው ላይ በተቀረጸው የግብፅ ነገሥታት ስም ዝርዝር ላይ ቱታንካሙንን አትፈልጉ። 76 ስም አለ፤ እሱ፣ አኬናተንና ሐትሼፕሱት ተዘለዋል።

ጽሑፉንም ከግራ ነው ብላችሁ አትጀምሩ። በፊደሎቹ መሃል ያሉት ወፎች ወዴት ያያሉ? ከሚያዩበት በኩል ጀምሩ።

ግድግዳ አትንኩ። ላብ ቀለም ይበላል።

የመጨረሻውን ስህተት እኔም ሠርቼዋለሁ። ራምሴስ ያስቀረጸው ወደ ውስጥ ጠልቆ የተቆፈረ ስለሆነ ከሩቅ ይታያል። የሴቲ ግን ከበሃ ድንጋዩ ትንሽ ብቻ ነው ከፍ የሚለው። መጀመሪያ የሄድኩ ጊዜ ባትሪዬን ፊት ለፊት አብርቼ «ይሄማ ተፍቆ አልቋል» አልኩ። አንድ ሽማግሌ ጥበቃ ምንም ሳይናገሩ ባትሪውን ከእጄ ወስደው ግድግዳው ጥግ ላይ በጎን ያዙት። የንጉሡ የልብስ እጥፋት አንድ በአንድ ወጣ። ቀጥሎ ጣቱ። ቀጥሎ የጣቱ ጥፍር።