ሰው አልባ የሆነው የወላጆቻችን የገጠር ቤት

በሰሜን ሸዋ፣ በወሎና በጎጃም ገጠር ወላጅ ሲያርፍ ተቆልፎ የሚቀር ቤት ብዙ ነው። ልጆቹ አሜሪካ፣ አውሮፓ ወይም ዓረብ አገር ናቸው፤ አብዛኞቹም ለጥገና ገንዘብ ከመላክ ወደኋላ አይሉም። እኔ ግን ከገንዘቡ በፊት ሰው ፈልጉ እላለሁ።

እሳት የሚነድበት ቤት ጭሱ ራሱ የጣሪያውን እንጨትና የሣር ክዳኑን ከነቀዝ ይጠብቅለታል። እናቶች ግድግዳውን ይለቀልቁታል፣ አባቶች ክረምት ሳይገባ የውሃ መሄጃውን ቦይ ይጠርጋሉ። ቤቱ ሲዘጋ ይህ ሁሉ ይቋረጣል። አንድ የቆርቆሮ ምስማር ይላላል፣ ነፋስ ጠርዙን ያነሣዋል፣ ዝናቡ በግድግዳው ላይ ይወርዳል። ምርጉ ሲረግፍ ማገሩ ይገለጣል፤ ምስጥም ከሥር ይወጣበታል። ጥቂት ክረምት ካለፈበት ያዘምማል። ያዘመመ ቤት ደግሞ ባለቤት የሌለው ስለሚመስል በሩም ቆርቆሮውም እየተነቀለ ይወሰዳል።

ስለዚህ ነዋሪ አስገቡ። አዲስ ትዳር የያዘ የአጎት ልጅ ወይም ቤት ያጣ የቀበሌው መምህር ይሁን። ኪራይ አትጠይቁት፤ ቤቱን መጠበቁ ይበቃል። ውሉ ግን በጽሑፍ ይሁን፦ ለስንት ጊዜ እንደሚኖር፣ ምን እንደሚጠግን፣ ስትጠይቁት እንደሚለቅ። በአገር ሽማግሌ ፊት ይፈረም፤ እህት ወንድሞቻችሁም ሁሉ ይፈርሙበት። የወንድማማች ቅያሜ ስንቱን ቤት እንዳፈረሰ የምታውቁት ነው።

በስማችሁ ቤቱን ለሚያስተዳድር ሰው የምትሰጡት ውክልና በኤምባሲ ወይም በቆንስላ ከተፈረመ በኋላ አገር ቤት በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር መረጋገጥ አለበት። በውክልናው ዓይነት ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2203 እና 2204 መሠረት ጠቅላላ ውክልና የአስተዳደር ሥራን ብቻ ይሸፍናል፤ ንብረትን መጠበቅና መጠገን፣ ከ3 ዓመት ላልበለጠ ጊዜ ማከራየትና ዕዳ መሰብሰብ በዚህ ውስጥ ይገባሉ። ቤት ለመሸጥ፣ በዋስትና ለማስያዝ ወይም በክስ ለመከራከር በአንቀጽ 2205 ልዩ ውክልና ያስፈልጋል። ለጠባቂው ጠቅላላው ይበቃዋል። የመሸጥ ሥልጣን ጨምራችሁ የምትሰጡት ዘመድ ምንም ታማኝ ቢሆን ለፈተና እያጋለጣችሁት ነው።

ቤቱንና መሬቱን ለይታችሁ እዩ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አይሸጥም፣ አይለወጥም። በጉልበት ወይም በገንዘብ የተሠራው ቤት ግን የሠሪው ንብረት ስለሆነ ይሸጣል፣ ይወረሳል። የእርሻው ይዞታ በአማራ ክልል ሕግ አካባቢውን ለቅቆ መሬቱን ሳያለማ ለሚቆይ ሰው ዋስትና የለውም። የይዞታ ደብተሩ አሁንም በሟች አባት ስም ከሆነ የውርሱን ጉዳይ በወረዳው የመሬት ጽሕፈት ቤት ዛሬ ነገ ሳትሉ አስጀምሩ። የውጭ ዜግነት የወሰዳችሁ ደግሞ አገር ቤት ያለ ጠበቃ ሳታማክሩ ምንም አትፈርሙ።

የጣሪያ ጥገና ገንዘብ በሚያዝያ ይድረስ፤ ሰኔ ከገባ ማንም ጣሪያ ላይ አይወጣላችሁም። ምርግ ግን መኸር ተሰብስቦ የጤፍ ጭድ እስኪገኝ ይጠብቅ፤ ጭቃው ከጭዱ ጋር ተረግጦ ለቀናት ካልቦካ ይሰነጣጠቃል። በስልክ ቪዲዮ ሲያሳዩአችሁ የቤቱን ፊት ብቻ አይታችሁ አትርኩ። ቀትር ላይ ነዋሪው በሩን ዘግቶ ጣሪያውን ከውስጥ ያሳያችሁ፤ ቀዳዳ ካለ ብርሃን ያስገባል። ቀጥሎ የግድግዳውን ሥር ዙሪያውን ያሳያችሁ፤ ወደ ላይ የሚወጣ የአፈር መስመር ካያችሁ ምስጥ ገብቷል።

ሁሉንም ማዳን አይቻልም። በረቱ ካዘመመ አፍርሱትና ደህናው እንጨትና ቆርቆሮ ለዋናው ቤት ይዋል። ጎተራው ደህና ከሆነ ግን ለነዋሪው እህል ማስቀመጫ ስጡት፤ እህሉን ያስቀመጠበትን ጎተራ ዝናብ ሲያበላሸው ዝም ብሎ አያይም።