የሥራ እድገት ስትጠብቁ ልትሠሯቸው የማይገቡ ስህተቶች

ጣና ዳር ካፌ ቁጭ ብዬ ላፕቶፕ ስከፍት ከባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፖሊ ግቢ የሚመጡ ልጆች አንድ ጥያቄ አላቸው፦ "ትልቅ የቴክኖሎጂ ኩባንያ ከገባን በኋላ እንዴት ነው የምናድገው?" እኔም ከዚሁ ከባሕር ዳር ሆኜ ለውጭ ኩባንያ እሠራለሁ። እንዴት እንደማይታደግ መናገር ይቀለኛል፤ አብዛኛውን ሞክሬዋለሁ።

"ሥራዬ ራሱ ይናገራል" ማለት

ትልቁ ስህተቴ ይሄ ነው። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም እየተባልን ነው ያደግነው። ግን እድገታችሁን ከሚወስኑት ብዙዎቹ አያውቋችሁም። አለቃችሁ ስማችሁን ይዞ እድገት የሚወሰንበት ስብሰባ ይገባል፤ ሌሎቹ አለቆችም የየራሳቸውን ሰው ይዘው መጥተዋል። እናንተ የላችሁም። ያላችሁ ስለ ሥራችሁ የጻፋችሁት ወረቀት ነው።

ሁለት ዓመት ሌሊት እየተነሳሁ የተበላሸ ስጠግን ቆይቼ፣ የግምገማ ቅጹ ላይ "የክፍያ ሲስተሙን አሻሻልኩ" ብዬ ዘጋሁት። አላደግሁም። በቀጣዩ ዙር ያንኑ ሥራ እንዲህ ጻፍኩት፦ "በሳምንት 3 ጊዜ ይቋረጥ የነበረው ክፍያ አሁን በ2 ወር አንዴ ቢቋረጥ ነው። ሌሊት የሚቀሰቀስ ሰው የለም።" አለፈ። አሁን ዓርብ ዓርብ የሳምንቱን ሥራዬን በአምስት መስመር እጽፋለሁ፤ ዓመት ቆይቶ እኔም አላስታውሰውም።

ይሉኝታ

ቃለ ጉባኤ ማን ይያዝ? እኔ። አዲሱን ልጅ ማን ያለማምደው? እኔ። ከዘጌ እንጨት ጭኖ እንደሚመጣ ታንኳ ነበርኩ፤ ውኃው ከንፈሬ ደርሷል። ቡድን ያለዚህ ሥራ አይንቀሳቀስም፣ ግምገማ ላይ ግን ሚዛኑ ቀላል ነው። እምቢ በሉ አልልም። "በተራ እናድርገው" በሉ።

ስብሰባ ላይ መጥፋት

የካሊፎርኒያ ጠዋት 4 ሰዓት ለኛ ምሽት 2 ሰዓት ነው፤ በነሱ የብርድ ወራት ደግሞ 3 ሰዓት። ደክሞኝ ካሜራ ዘግቼ ዝም እል ነበር። ለነሱ የለሁም ማለት ነው። ቢያንስ አንድ ነገር ተናገሩ።

ሳይጠይቁ መጠበቅ

አለቃ ቢወዳችሁም ነገ ሊቀየር ይችላል። ብዙ ቦታ ደግሞ እድገት የሚሰጠው የቀጣዩን ደረጃ ሥራ መሥራት ለጀመረ ሰው ነው። "ምን ይጎድለኛል?" ብላችሁ ጠይቁ፣ የነገራችሁን በኢሜይል ጽፋችሁ መልሳችሁ ላኩለት።

ቁጥር ማወዳደር

ኩባንያዎች ሠራተኛን በደረጃ ቁጥር ይለያሉ፤ ጎግል ጀማሪ ኢንጂነርን ኤል 3 ሲለው አማዞን ከኤል 4 ይጀምራል። የጎግል ኤል 5 ሲኒየር (ከፍተኛ ኢንጂነር) ነው፤ የአማዞን ኤል 5 ሲኒየር ለመሆን ገና አንድ ደረጃ ይቀረዋል። በጓደኛ ቁጥር እንቅልፍ አትጡ።

አለቃ ካልሆንኩ አላደግሁም ማለት

ሰው ሳያስተዳድሩ ከሲኒየር ወደ ቀጣዩ ደረጃ ወደ ስታፍ፣ ከዚያም በላይ የሚወጣ መንገድ አለ። ይሄን ለቤተሰብ ማስረዳት ግን ሌላ ሥራ ነው። ሲኒየር ሆንኩ ብዬ ለእናቴ ስነግራት ቡና እየቆላች "ከሥርህ ስንት ሰው አለ?" አለችኝ።

"ማንም።"

"አይዞህ ልጄ" አለች።