የህንድን ተሐድሶ ሳትሸመድዱ ለማጥናት

ባለፈው ሳምንት ፒያሳ ሻይ ቤት የቀድሞ ተማሪዬን አገኘኋት። «ቲቸር፣ ያ ብራህሞ ምናምን የሚባለው እስካሁን ግራ ይገባኛል» አለችኝ። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ስም አሸምድጃት ነበር። አሁን የሂንዱ ሃይማኖትንና ልማድን ሊያድሱ የተነሱትን ሰዎች፣ ከእንግሊዝ ነጻ ለመውጣት ከተደረገው ትግል ጋር የማስጠናው እንዲህ ነው።

ለእያንዳንዱ ሰው ደብተራችሁን ሦስት ቦታ ክፈሉት። «ምን ሊያቃና ተነሳ?»፣ «ለነጻነት ትግሉ ምን አዋጣ?»፣ «ማንን አራቀ?»። ባዶ የሚቀር ቦታ ካለ ይቅር፤ በግድ አትሙሉት።

ከራም ሞሃን ሮይ ጀምሩ። በ1828 ካልካታ ላይ ብራህሞ ሳማጅ የተባለውን የሂንዱ ተሐድሶ ማኅበር መሠረተ። ባሏ የሞተባት ሴት ከአስከሬኑ ጋር የምትቃጠልበትን ሳቲ የተባለ ልማድ ታገለ። እንግሊዞች በ1829 ከለከሉት፤ ሮይም እገዳው እንዳይሻር ለንደን ድረስ ሄዶ ተሟገተ። እንግሊዝ ይውጣ ባይ ግን አልነበረም። ሁለተኛውን ቦታ ስትሞሉ ቆጠብ በሉ።

ዳያናንዳ ሳራስዋቲ በ1875 ቦምቤይ ላይ አርያ ሳማጅ የተባለውን ሌላ የተሐድሶ ማኅበር አቋቋመ። ጣዖት ማምለክም ሆነ በትውልድ የሚወረስ የዘር ደረጃ በቬዳዎች፣ ማለትም በሂንዱ ጥንታዊ ቅዱሳት መጻሕፍት፣ የለም አለ። ጥንታዊ መጽሐፍ ጠቅሶ የዛሬን ልማድ መሞገት ጎንደር ላይ የአብነት መምህራን ሲከራከሩ እየሰማ ላደገ ልጅ እንግዳ አይደለም። የነጻነት ታጋዩ ላላ ላጅፓት ራይ ከዚህ እንቅስቃሴ የወጣ ነው። በ1928 ላሆር ሰልፍ ላይ ፖሊስ በዱላ ደበደበው፤ ሦስት ሳምንት ሳይሞላው ሞተ።

ሌላው የነጻነት ታጋይ ቲላክ ላይ ረጋ በሉ፤ ፈተና ላይ የሚያሳስተው እሱ ነው። የዝሆን ራስ ያለውን የሂንዱ አምላክ የጋኔሽን በዓል በ1893 ፑኔ ላይ ከየቤቱ አውጥቶ የአደባባይ በዓል አደረገው። ለጥምቀት ታቦቱን አጅቦ ወደ ፋሲለደስ መዋኛ የሚወርደውን ሕዝብ አስቡት። ያን ያህል ሰው በስብሰባ ጥሪ አይወጣም። ቲላክ የገባው ይኼ ነው፤ በዓሉ ላይ መዝሙሩም ንግግሩም ፖለቲካ ሆነ። (የኛን ጥምቀት ፖለቲካ ነው አላልኩም፣ እንዳትጣሉኝ!) ይኸው ሰው ግን በ1891 ሴት ልጅ ከባሏ ጋር የምትተኛበትን ዝቅተኛ ዕድሜ ከ10 ወደ 12 ከፍ ያደረገውን ሕግ ተቃውሟል። ባዕድ መንግሥት በሃይማኖታችን አይግባ ነው ነገሩ። ቅኝ ገዢን መታገልና ልማድን ማደስ ሁልጊዜ አብረው አይሄዱም።

ሦስተኛውን ቦታ እዚህ ሙሉት። ትግሉ የሂንዱ መልክ በያዘ ቁጥር ብዙ ሙስሊሞች የኛ አይደለም ብለው ራቁ። ይህን ለዓመታት ሳላነሳው አስተምሬያለሁ።

የሂንዱ መነኩሴውን ቪቬካናንዳንና የነጻነት ትግሉን መሪ ጋንዲን ራሳችሁ ሞክሯቸው። ጋንዲ ላይ ከዘር ደረጃው ሁሉ በታች ተደርገው «የማይነኩ» ለተባሉት ያደረገውንም፣ ከነሱው የወጣው መሪ አምቤድካር ለምን እንደተቃወመውም ጻፉ።

ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። አንድ ተማሪ ህንድን በኛ 1947 ዓ.ም ነጻ አውጥቶልኝ ያውቃል። በኛ ነሐሴ 9 ቀን 1939 ነው፤ ለቡሄ አራት ቀን ሲቀረው።