ባዶ የመሰለህ ቻናል ባዶ ላይሆን ይችላል

ደሴ ፒያሳ፣ ሱቅ በሱቅ ላይ የተደራረበበት ፎቅ ውስጥ ዋይፋይ ልገጥም ገባሁ። ዋይፋይ የሚነጋገርባቸውን የሞገድ መስመሮች፣ ማለትም ቻናሎቹን፣ በስልኬ ስለካ 1፣ 6 እና 11 ጢም ብለዋል። 3 ግን ጭር ያለ ነው። እዚያው ላይ አስቀመጥኩትና ወጣሁ። በማግስቱ ባለሱቁ ደወለ፦ «ወንድሜ፣ ይሄ ነገር ከበፊቱ ባሰ እኮ! ጎረቤቶቼም እያማረሩ ነው።»

የመጀመሪያው ስህተት ይሄው የራሴው ነው። ዋይፋይ ከሚሠራባቸው ሞገዶች አንዱ በሆነው በ2.4 ጊጋኸርዝ ላይ አንዱ ቻናል ከሚቀጥለው የሚርቀው በ5 ሜጋኸርዝ ብቻ ነው፤ አንድ ዋይፋይ ግን 20 ሜጋኸርዝ ያህል ይይዛል። ስለዚህ 3 ላይ የተቀመጠ 1ንም 6ንም ይረግጣል። ከዚያ ይልቅ 6 ላይ ካሉት ጋር መጋፋት ይሻላል፤ ዋይፋይ ከመናገሩ በፊት ያዳምጣል፣ የሌላ ዋይፋይ ንግግር መሆኑን ከለየ ደግሞ ድምፁ ደካማ ቢሆንም ተራ ይጠብቃል። ከጎን ቻናል የሚመጣውን ግን እንደ ጫጫታ ነው የሚቆጥረው፣ በጣም ካልበረታ በላዩ ላይ ይናገራል። ሁለቱም ይበላሻሉ።

ሌላው ስህተት የራውተሩን ፓወር፣ ማለትም የሲግናሉን ጉልበት፣ መጨመር ነው። ሁለት ድንኳን ጎን ለጎን ተተክሎ ሁለቱም ሞንታርቦ ሲከፍቱ አስቡት። ደግሞ ራውተሩ ቢጮህ ስልኩ በዚያ ልክ መልሶ መጮህ አይችልም።

እሁድ ጠዋት ጭር ባለበት ለክቶ መወሰንስ? ሰኞ ገበያው ሲደራ ታዩታላችሁ።

ከሁሉም የከፋው ግን «እኔ ካልሰማሁት የለም» ማለት ነው። ይሄ ስህተት በተለይ ሥራ የፈታ የቲቪ ሞገድ ለኢንተርኔት እናውል ሲባል ይመጣል። ጣሪያው ሁሉ ከሳተላይት የሚቀበል ዲሽ ሆኗልና ከምድር ማሰራጫ የሚመጣውን የቲቪ ሞገድ ማን ይጠቀምበታል ይባላል። እስቲ ጦሳ ተራራ ሥር ጎድጓዳ ቦታ ላይ ማሰራጫ ተከላችሁ እንበል። ተራራው ስለጋረዳችሁ የቲቪውን ሲግናል አትሰሙም። ፊት ለፊት ዳገቱ ላይ ያለው ቤት ግን በአንቴናው ቲቪውንም እናንተንም ይሰማል፣ የሚረበሸውም እሱ ነው። መለካት የነበረበት እሱ ጋ ነው፣ እናንተ ግን የለካችሁት ራሳችሁ ጋ ነው።

አሜሪካኖቹ እ.ኤ.አ. በ2008 ባዶ የቲቪ ሞገድን ለኢንተርኔት ማዋልን ሲፈቅዱ መሣሪያው በጣም ደካማ ሲግናል ሳይቀር እንዲያዳምጥ አስገድደው ነበር። በ2010 ግን ያለበትን ቦታ የትኛው ቻናል የት እንደተያዘ ለሚመዘግብ ዳታቤዝ ነግሮ ክፍት ቻናል የሚቀበል መሣሪያ ከማዳመጥ ግዴታ ነፃ ሆነ። ዳታቤዙ ደግሞ በቦታ ነው የሚሠራው፤ ኮምቦልቻ ከደሴ ከ500 ሜትር በላይ ዝቅ ትላለች፣ እዚያ ክፍት የሆነው እዚህ ክፍት ነው ብሎ መገመት አይቻልም።

ቲቪ የለበትም ማለትም ማንም የለበትም ማለት አይደለም። በሠርግ አዳራሽ የምናያቸው ገመድ አልባ ማይኮች ብዙዎቹ የሚሠሩት በቲቪ ቻናሎች መሃል ባለው ክፍተት ነው። በዚያ ላይ እኛ ሀገር ሞገድ የሚፈቅደው የኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው፣ ባዶ አገኘሁ ብሎ ዝም ብሎ መግባት የለም።

ወደ ፒያሳው ልመለስ። ባለሱቁን «አብሽር» ብዬው ሄድኩ፣ ጎረቤቶቹን ጠራንና 1፣ 6 እና 11ን ተከፋፈልን። አንዱ ብቻ «3 ቁጥር ገዴ ነው» ብሎ አሻፈረኝ አለ።