ከሩቅ ሆነው ወደ ሰርቨር ሲገቡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ደሴ ተቀምጠው ኮምቦልቻ ያለን ሰርቨር በመስመር የሚያስተዳድሩ ሰዎች በመካከል ያለውን የሐረጎ ዳገት በየዕለቱ ከመውረድና ከመውጣት ይድናሉ፤ ነገር ግን ሲሳሳቱ ከማሽኑ ፊት ስላልተቀመጡ፣ ስህተታቸውን ማረም የሚችሉት ያ መስመር ክፍት እስከሆነ ድረስ ብቻ ነው። እዚህ የማነሣቸው ስህተቶች አብዛኞቹ የሚመነጩት የመግቢያ ሰርቨሩን፣ ማለትም ከሩቅ የሚመጣን ተጠቃሚ ተቀብሎ የሚያስገባውን ፕሮግራም፣ አሠራር ካለመረዳት ስለሆነ፣ አስቀድሜ እሱን ባጭሩ ላስረዳ።

በማሽኑ ላይ አንድ ፕሮግራም ጥሪ እየጠበቀ ያዳምጣል፤ ከሩቅ መግቢያ ከሆኑት ሁለት ሥርዓቶች አሮጌው ቴልኔት እንደ ልማዱ በፖርት (በቁጥር በሚታወቅ የግንኙነት በር) 23፣ የሚያመሰጥረው ኤስኤስኤች ደግሞ በፖርት 22 ነው። ጥሪ ሲመጣ ለዚያ ተጠቃሚ ብቻ የሚሆን ሌላ ፕሮሰስ (በሥራ ላይ ያለ ፕሮግራም) ይፈጠራል፤ አዳማጩ ግን ወደ ጥበቃው ይመለሳል። በኤስኤስኤች የገቢው ማንነት ሲረጋገጥ፣ ከርነሉ (የማሽኑ ሥርዓት እምብርት) ሁለት ጫፍ ያለው ምናባዊ ተርሚናል ይሰጣል። አንዱን ጫፍ የመግቢያ ሰርቨሩ ይይዘዋል፤ በሌላኛው ጫፍ ያለው ሼል፣ ማለትም ትእዛዝ ተቀብሎ የሚፈጽመው ፕሮግራም፣ ደግሞ ከእውነተኛ ኪቦርድና ስክሪን ጋር የተገናኘ ይመስለዋል።

ከዚህ የሚነሣው የመጀመሪያው ስህተት ትንሽ ቢመስልም ጉዳቱ ትንሽ አይደለም። በስክሪንዎ ላይ የምትታየው ፊደል አብዛኛውን ጊዜ የምትመጣው ከሩቁ ማሽን ተመልሳ ነው፤ ስለዚህ መስመሩ ሲደክም ፊደሏ ትዘገያለች እንጂ አልጠፋችም። አልደረሰም ብለው ትእዛዙን ደግመው ከጻፉና ኢንተር ከተጫኑ፣ መስመሩ ሲመለስ ሁለቱም ተከታትለው ይፈጸማሉ፤ ከዚያም የከፋው፣ ገና ያላዩት «ይጥፋ ወይ?» የሚል ጥያቄ ቀድመው በነኩት ፊደል መልስ ሊያገኝ ይችላል። እጅን ከኪቦርዱ አንሥቶ መጠበቅ ይሻላል።

ሁለተኛው ቴልኔትን እስከዛሬ መጠቀም ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 ሥርዓቱ በሰነድ የጸደቀው ቴልኔት የይለፍ ቃልን ጨምሮ ሁሉን ነገር ሳያመሰጥር ያስተላልፋል። ኤስኤስኤችን እ.ኤ.አ. በ1995 የጻፈው ፊንላንዳዊው ታቱ ዩሎነን ለሥራው የተነሣውም በሄልሲንኪ የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ኔትወርክ ላይ የይለፍ ቃላት እየተጠለፉ በመወሰዳቸው ነበር። «የእኛ የውስጥ ኔትወርክ ነው፣ ማን ያየዋል?» የሚለውን መከራከሪያ አልቀበለውም፤ አንድ ቫይረስ የገባበት የቢሮ ኮምፒውተር ለማዳመጥ ሊበቃ ይችላልና። ከቴልኔት ሌላ የማያውቅ አሮጌ ስዊች (ኮምፒውተሮችን የሚያገናኝ መሣሪያ) ካለ፣ ከሌላው ኔትወርክ ተለይቶ ይቀመጥ ወይም መሣሪያው ላይ በቀጥታ በሚሰካ የኮንሶል ኬብል ብቻ ይገባበት።

ሦስተኛው የቁልፍ ማስጠንቀቂያን ሳያነቡ ማለፍ ነው። ኤስኤስኤች መጀመሪያ ሲገቡ የሰርቨሩን የቁልፍ አሻራ፣ ማለትም ማሽኑ የሚለይበትን አጭር የፊደልና የቁጥር ተርታ፣ ያሳያል፤ ከማሽኑ ፊት ያለ ባልደረባ በስልክ ያንብብልዎና ያመሳክሩት። በኋላ «ቁልፉ ተለውጧል» ካለ፣ ወይ ሰርቨሩ እንደገና ተጭኗል፣ ወይ አድራሻው ለሌላ ማሽን ተሰጥቷል፣ ወይ ደግሞ መሐል ላይ የገባ ሰው አለ። የትኛው እንደሆነ ሳይጠይቁ የድሮውን ቁልፍ ሰርዞ መግባት ጥበቃውን በገዛ እጅ ማፍረስ ነው።

አራተኛውን በራሴ ላይ ስለደረሰ ሰፋ አድርጌ እነግራለሁ። ደሴ በጉም ተሸፍና በዋለችበት አንድ የክረምት ቀን፣ የአንድ መሥሪያ ቤት ሰርቨር በይለፍ ቃል መግባትን እንዲከለክልና ቁልፍ (በይለፍ ቃል ፈንታ የገቢውን ማንነት የሚያረጋግጥ ፋይል) ብቻ እንዲቀበል አስተካክዬ፣ አገልግሎቱን እንደገና አስነሥቼ፣ መስኮቱን ዘጋሁት። ተመልሼ ለመግባት ስሞክር «ፈቃድ የለም» ከሚል በቀር ምንም አልመለሰልኝም። ኮምቦልቻ ወርጄ በማሽኑ ላይ ያለውን ሎግ (የክንውን መዝገብ) ሳነብ ምክንያቱ በግልጽ ተጽፎ አገኘሁት፤ የቤት ፎልደሬ ሌላ ሰው እንዲጽፍበት ክፍት ስለነበር ሰርቨሩ ቁልፌን ለማመን እምቢ ብሏል። እንዲህ ያለውን ምክንያት ሰርቨሩ ለራሱ ሎግ እንጂ ለሚገባው ሰው አይናገርም። የቁልፉ ፎልደር 700፣ በውስጡ ያለው የተፈቀዱ ቁልፎች ፋይል 600 ፈቃድ ይኑረው፣ ማለትም ሁለቱም ለባለቤቱ ብቻ ክፍት ይሁኑ፤ የቤት ፎልደሩንም ከባለቤቱ በቀር ማንም አይጻፍበት።

ያን ጊዜ ማድረግ የነበረብኝ ቀላል ነው። አዳማጩ እንደገና ሲነሣ፣ አስቀድሞ የተፈጠረው የእኔ ፕሮሰስ እንደ ልማዱ ሳይነካ ይቀጥላል፤ ስለዚህ የድሮውን መስኮት ክፍት ትቼ በሁለተኛ መስኮት መግባቴን መፈተን እችል ነበር። ኦፕንኤስኤስኤች የተባለው የኤስኤስኤች ፕሮግራም የቅንብር ፋይሉን ከማስነሣት በፊት የሚመረምር ትእዛዝ ቢኖረውም፣ የሚያገኘው የአጻጻፍ ስህተትን እንጂ የእኔን ዓይነት አይደለም። ፋየርዎል (የትኛው ግንኙነት እንደሚያልፍ የሚወስነውን ማገጃ) ሲነኩ ደግሞ የድሮውን ሕግ ከ10 ደቂቃ በኋላ በራሱ የሚመልስ ትእዛዝ አስቀድመው ይስጡ፤ በሩ ካልተዘጋብዎ ይሰርዙታል።

አምስተኛው ረጅም ሥራን በባዶ ሼል መጀመር ነው። የዳታቤዝ ቅጂ እየወጣ ሳለ መብራት ሄዶ የቢሮዎ ራውተር ቢጠፋ፣ ሰርቨሩ መቋረጡን ሲያውቅ ምናባዊ ተርሚናሉን ይዘጋል፤ ሥራውም አብሮ ይቆማል። ቲመክስ ወይም ስክሪን የተባሉት ፕሮግራሞች የራሳቸውን ተርሚናል ስለሚይዙ፣ ሥራው ሳይቋረጥ ተመልሰው ይቀላቀሉታል።

የመጨረሻው ሁሉም ሰው በአንድ የሩት (ሁሉን ማድረግ የሚችለው ዋና ተጠቃሚ) ይለፍ ቃል እንዲገባ መተው ነው። ሎጉ «ሩት ገባ» ይላል እንጂ ከጀርባው ያለውን ሰው ስለማይለይ ፋይሉን ማን እንዳጠፋው አይታወቅም። ለእያንዳንዱ ሰው የየራሱ ስምና ቁልፍ ይሰጠው። ሠራተኛ ሲለቅ ቁልፉን ከፋይሉ መሰረዝ አዲስ መግቢያን ብቻ ይዘጋል፤ ቀድሞ ገብቶ የተቀመጠበት ፕሮሰስ ግን አለና፣ በእሱ ስም የሚሠሩትን ሁሉ ፈልገው ያስቁሙ።