ኮንሰልታንት መሆን ለምትፈልጉ፦ ኢንተርንሺፕ ስትመርጡ እነዚህን ስህተቶች አትሥሩ

ግንቦት ሲገባ ስልኬ በአንድ ዓይነት ጥያቄ ይሞላል። "ማኔጅመንት ኮንሰልቲንግ ውስጥ መግባት እፈልጋለሁ፣ የት ኢንተርን ልውጣ?" ማኔጅመንት ኮንሰልቲንግ ማለት የድርጅቶችን ችግር አጥንቶ መፍትሔ ማማከር ነው። ሥራው ውስጥ ስላለሁ፣ ተማሪ ሆኜም ክፉኛ ስለተሳሳትኩ፣ የማያቸውን ስህተቶች አንድ በአንድ ልንገራችሁ።

ስም ብቻ አይቶ መምረጥ

ይሄ የእኔም ስህተት ነበር። ሦስተኛ ዓመት እያለሁ አጎቴ በሚያውቀው ሰው በኩል አንድ ትልቅ ድርጅት ዋና መሥሪያ ቤት ገባሁ። ባጁን አንገቴ ላይ አድርጌ ታክሲ ስሳፈር ደስ ይለኝ ነበር። ሁለት ወር ሙሉ የሠራሁት ግን ፋይል ማስተካከልና ፎቶ ኮፒ ማንሳት ነው። ሰርተፊኬቱን ሰጡኝ። በኋላ ሥራ ፍለጋ ላይ "እዚያ እያለህ ምን ችግር ፈታህ?" ስባል የምለው ጠፋኝ።

ከዓመታት በኋላ የማውቃት አንዲት የኢንዱስትሪያል ኢንጂነሪንግ ተማሪ ዳቦ ፋብሪካ ገባች። ጓደኞቿ "ዳቦ ቤት?" ብለው አፍ አፏን አሏት። ፋብሪካው አንድ ችግር ነበረበት፤ የማከፋፈያ መኪኖቹ ሌሊት ዳቦ ጭነው ለመውጣት ይዘገያሉ፣ ሁሉም ሰው ደግሞ ምድጃውን ይወቅሳል። እሷ ደብተርና የስልኳን ሰዓት ይዛ ለአንድ ሳምንት ከሌሊቱ 10 ሰዓት ጀምሮ በሩ ላይ ቆመች። መኪናው ስንት ሰዓት ገባ፣ መጫን ስንት ሰዓት ጀመረ፣ ስንት ሰዓት ወጣ፣ ሁሉንም ጻፈች። አንዱ መኪና በአማካይ 40 ደቂቃ ይቆማል። ከዚያ ውስጥ 25ቱ ደረሰኝ ጥበቃ ነው፤ ደረሰኝ የሚጽፈው አንድ ሰው ብቻ ነበራ! ምድጃው ምንም አላጠፋም። የእኛ ሥራ ማለት ይሄ ነው፦ ሰው የሚያወራውን ሰምቶ፣ ሄዶ ቆጥሮ፣ እውነት መሆኑን ማየት። እሷ ይህን የተማረችው ገና ተማሪ ሆና ነው።

"ኮንሰልቲንግ ድርጅት ካልሆነ አይጠቅመኝም" ማለት

ማኪንዚ የሚባለው ዓለም አቀፍ ኮንሰልቲንግ ድርጅት አዲስ አበባ ቢሮ አለው፣ ሌሎችም አሉ። አመልክቱ፣ ምንም አይጎዳም። ግን ቦታው ጥቂት፣ አመልካቹ ብዙ ነው፤ እሱን ስትጠብቁ ዓመቱ ያልቅባችኋል።

ደግሞ አስቡት፣ ጄምስ ማኪንዚ በ1926 እ.ኤ.አ. ቺካጎ ላይ ድርጅቱን ሲመሠርት የአካውንቲንግ ፕሮፌሰር ነበር። የሒሳብ መዝገብ አንብቦ የድርጅቱን በሽታ ማወቅ የዚህ ሙያ ሥር ነው። ስለዚህ ኦዲት ድርጅት፣ የባንክ ብድር ትንተና ክፍል፣ ወይም የአንድ አስመጪ ፋይናንስ ክፍል ብትገቡ ከመንገድ የወጣችሁ እንዳይመስላችሁ። ሐምሌ 2016 ላይ የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ አስመጪዎች ዋጋቸውን እንደገና ማስላት ነበረባቸው። ያን ጊዜ እዚያ ተቀምጦ ኤክሴል ላይ ሲሰላ ያየ ተማሪ ክፍል ውስጥ የማይገኝ ትምህርት አግኝቷል።

ሳይጠይቁ መግባት

ብዙዎቻችሁ ከዲፓርትመንት የትብብር ደብዳቤ ትቀበላላችሁ፣ ተቀባይ ሲገኝ "እግዚአብሔር ይመስገን" ብላችሁ ትገባላችሁ። መጠየቅ ድፍረት ይመስላችኋል። አይደለም፣ በአክብሮት ከተጠየቀ ማንም አይቆጣም። ሦስት ነገር ጠይቁ። ሥራዬን እያየ የሚያርመኝ ማን ነው? የድርጅቱን ቁጥሮች፣ ሽያጭም ይሁን ወጪ፣ ማየት እችላለሁ? ስጨርስ ምን አስረክባለሁ? መልሱ ሁሉ "ግዴለም፣ መጥተህ ታየዋለህ" ከሆነ፣ ሌላ አማራጭ ካላችሁ ወደዚያ ሂዱ። በተለይ የመጀመሪያው ጥያቄ ወሳኝ ነው። የጻፋችሁትን ገጽ በቀይ እስክሪብቶ አርሞ የሚመልስላችሁ አለቃ ካገኛችሁ፣ ቢሮው ኮንቴነር ውስጥ ቢሆንም ግቡ።

ጊዜውን አለማወቅ

የመንግሥት በጀት ዓመት ሰኔ 30 ይዘጋል። ብዙ ድርጅት በዚያ ሰሞን ሒሳብ ሲዘጋና ሪፖርት ሲያዘጋጅ ሰው ቀና ብሎ አያያችሁም። ግንቦት መጨረሻ ላይ ደብዳቤ ይዞ መዞር ለዚህ ነው የማያዋጣው። መጋቢት ላይ ጀምሩ። ስትገቡም ከሪፖርቱ አንዷን ሠንጠረዥ እናንተ እንድትሠሩ ለምኑ፣ የተጨናነቀ ሰው እገዛ አይጠላም።

አሜሪካ ያላችሁ ልጆች ደግሞ ከዚህም በላይ ቀድማችሁ ተነሱ። ትልልቆቹ ድርጅቶች ለሰመር የሚሆን ማመልከቻ የሚቀበሉት ከብዙ ወራት በፊት ነው።

ስለ ገንዘቡ ብዙ አልልም። እዚህ አገር አብዛኛው ኢንተርንሺፕ አይከፍልም፣ ቢከፍልም የትራንስፖርት ነው። ትራንስፖርቱን ቀድማችሁ አስሉና ከቤተሰብ ጋር ተነጋገሩ፤ በሁለተኛው ሳምንት ታክሲ ጨርሷችሁ እንዳታቆሙ።

ቁጥር ሳይዙ መውጣት

ሲቪ ላይ "በልዩ ልዩ ሥራዎች ተሳትፌያለሁ" የሚል ዓረፍተ ነገር ሳይ ልቤ ይሰበራል፣ ምክንያቱም ልጁ ብዙ ለፍቶ ሊሆን ይችላል። በየቀኑ ማታ ሦስት መስመር ጻፉ። ምን አገኘሁ፣ ስንት ነበር፣ ምን ተለወጠ። ኬዝ ኢንተርቪው ላይ፣ ማለትም የአንድ ድርጅት ችግር ተሰጥቷችሁ እንዴት እንደምትፈቱት በምትጠየቁበት የቅጥር ቃለ መጠይቅ ላይ፣ "አንድ የባንክ ቅርንጫፍ ወረፋ በዝቶበታል፣ ምን ታደርጋለህ?" ስትባሉ ሰልፉን ከየት መቁጠር እንደምትጀምሩ የምታውቁት ከዚያ ደብተር ነው። የዳቦ ፋብሪካዋ ልጅ ተመሳሳይ ጥያቄ ሲደርሳት "መጀመሪያ ሰው የሚቆመው ለገንዘቡ ነው ወይስ ለፊርማ?" ብላ ነው የጀመረችው።

የድርጅቱን ፋይል ግን በፍላሽ ገልብጣችሁ አትውጡ። ኮንሰልታንት የሚኖረው በታማኝነቱ ነው። መያዝ የምትችሉትን አለቃችሁን ጠይቁ፤ በመጨረሻው ሳምንት ደግሞ አሥር ደቂቃ ለምናችሁ ያገኛችሁትን ለክፍሉ ሰዎች አቅርቡ። የድጋፍ ደብዳቤውን የምትጠይቁትም ያን ቀን ነው፣ ሥራችሁ ገና ከአእምሯቸው ሳይጠፋ።