ቦቱ «ጨርሻለሁ» ሲል፦ የደህንነት ክፍተት በአውቶሜሽን ስትደፍኑ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የደህንነት ክፍተት መድፈን ለማሽን የሚተው ሥራ እየሆነ ነው። ዲፔንዳቦት ወይም ሬኖቬት የሚባለው ቦት ያረጀውን ላይብረሪ (ሌሎች የጻፉትን ዝግጁ ኮድ) አይቶ ፑል ሪኩዌስት፣ ማለትም የኮድ ለውጥ ጥያቄ፣ ይከፍታል። ስካነሩ ክፍተት ፍለጋ ኮዱን ይበረብራል። የኤአይ ረዳቱ ደግሞ የተስተካከለውን መስመር ጽፎ «ይኸው» ይላል። ጥሩ ነው፤ እኔም ያለ እነሱ መሥራት አልፈልግም። ነገር ግን ብዙ ቡድን የሚቆጥረው የተዘጋውን አለርት (የመሣሪያውን ማስጠንቀቂያ) ነው። አለርቱ ከተዘጋ ቀዳዳውም አብሮ የተደፈነ ይመስለዋል። ከካዛንቺስ እስከ ሜክሲኮ ባሉ ቢሮዎች ኮድ ሪቪው ሳደርግ የማያቸው ስህተቶች አብዛኞቹ ከዚህ ይመነጫሉ። (ከታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

የሰው ስም ላይ ማጣሪያ መግጠም

ይህን ያስቀደምኩት በጣም ስለሚያናድደኝ ነው።

ስካነሩ ኤስኪዩኤል ኢንጀክሽን አገኘ እንበል። ተጠቃሚው ፎርሙ ላይ የጻፈው ነገር እንዳለ ከዳታቤዝ ጥያቄው ጋር ተቀጥሏል። የኤአይ ረዳቱ «አስተካክል» ሲባል አንዳንዴ ትክክለኛውን ያደርጋል፤ የተጻፈውን ከጥያቄው ለይቶ በፓራሜትር ይልከዋል። አንዳንዴ ግን አቋራጭ ይመርጣል። ስም መቀበያው ላይ ማጣሪያ ይገጥማል፦ ከላቲኑ ኤ እስከ ዜድ፣ ከዜሮ እስከ ዘጠኝ፣ ክፍት ቦታ። ሌላው ሁሉ ውድቅ። ስካነሩ እንደገና ሲሮጥ ዝም ይላል። ቴስቱም አረንጓዴ ነው። ለምን አይሆን? ቴስቱ ውስጥ ያለው ደንበኛ ስሙ «ጆን ዶ» ነው።

አንድ የደንበኛ መመዝገቢያ ሲስተም ላይ ይህንኑ አይቻለሁ። ፓቹ (ማስተካከያው) ደንበኛ በሚገለገልበት ሲስተም፣ ፕሮዳክሽን ላይ፣ በወጣ ማግስት የቅርንጫፍ ሠራተኛዋ የደንበኛውን ስም በአማርኛ ትጽፋለች። «እባክዎ ትክክለኛ ስም ያስገቡ» ይላታል። ደግማ ትጽፋለች። ያው ነው። ሽማግሌው መታወቂያቸውን እያሳዩ «የኔ ልጅ፣ ስሜ እኮ ይኸው ነው» ይሏታል። እሷስ ምን ታድርግ? ሰልፉ ይረዝማል። በመጨረሻ ሁላችንም የለመድናት መልስ ትመጣለች፦ «ሲስተም የለም።» ሲስተሙማ አለ። የግዕዝ ፊደል እንዳይገባ የከለከለው ፓቹ ነው።

በዚህ አያበቃም። አንዱ ልጅ «ገባኝ» ብሎ ማጣሪያውን ሊያሻሽል ይነሣል። የቃል ፊደልን የሚወክለውን የሬጀክስ (የጽሑፍ ቅርጽ መፈተሻ ቋንቋ) ምልክት ይጠቀማል። ያ ምልክት በጃቫስክሪፕት የሚያውቀው ላቲንን፣ አሃዝንና የስር ሰረዝን ብቻ ነው። በፓይተን 3 ደግሞ በነባሪው የእኛንም ፊደል ያውቃል። ስለዚህ ብራውዘሩ የከለከለውን ስም ሰርቨሩ ይቀበለዋል። ይህን ሲያስተካክል ደግሞ «ኃ/ማርያም» ይመጣል። «ወ/ሚካኤል» ይከተላል። እዝባር አልተፈቀደችምና የግማሽ አገር ስም ስም አይደለም ተባለ ማለት ነው።

ጣሪያው ሲያፈስ ወለሉ ላይ ባልዲ ማስቀመጥ ነው ይህ። ኢንጀክሽንን የሚከላከለው የዳታቤዝ ጥያቄውና ተጠቃሚው የጻፈው ነገር መለያየታቸው ነው። ኤክስኤስኤስም (ተንኮል ኮድ ድረ ገጽ ላይ የሚሰገሰግበት ጥቃት) ቢሆን ዋናው መከላከያ ጽሑፉ ገጹ ላይ በሚወጣበት ጊዜ ኤስኬፕ መደረጉ፣ ማለትም እንደ ኮድ ሳይሆን እንደ ተራ ጽሑፍ እንዲታይ መደረጉ፣ ነው። የኤአይ ፓች ስትገመግሙ መጀመሪያ የተቀየረው መስመር የት እንዳለ እዩ። አደገኛው ጥያቄ እንደነበረ ቁጭ ብሎ ሌላ ፋይል ውስጥ ማጣሪያ ከተጨመረ መርጅ አታድርጉ፤ ከዋናው ኮድ ጋር አትቀላቅሉት። የቴስት ዳታችሁ ውስጥም እባካችሁ ኃ/ማርያምን አስገቡልኝ። ጳጉሜን 6 የተወለደ ሰውም አይጠፋም፤ እሱንም ጨምሩ።

ኦዲት ፊክስ ላይ «ፎርስ» መጨመር

ኤንፒኤም የጃቫስክሪፕት ጥቅሎች (ላይብረሪዎች) መጫኛ ነው፤ ክፍተት ያለባቸውን የሚያድሰው ኦዲት ፊክስ የሚባለው ትእዛዙ ብቻውን ሲሮጥ እናንተ ከፈቀዳችሁት የቨርዥን ወሰን አይወጣም። «ፎርስ» ሲጨመርበት ግን ወሰኑን ጥሶ ዋና ቨርዥን ይቀይራል፤ አንዳንዴም ጥቅሉን ወደ ኋላ ይመልሰዋል። አለርቱ ይጠፋል፤ አፑም አይነሣም። ጀማሪዎች ይህን ሲያደርጉ አልቆጣም፤ ቀዩ ጽሑፍ ያስደነግጣል። ግን ከመጫናችሁ በፊት ያ ጥቅል ሰርቨር ላይ ይደርሳል ወይስ ኮዱ ሲገነባ ብቻ ነው የሚያገለግለው ብላችሁ ጠይቁ። ብዙው ጩኸት ከሁለተኛው ነው።

መሣሪያውን ዝም ለማሰኘት ኮድ መቁረጥ

እዚህ ላይ የዴቢያንን ታሪክ የማያውቅ ሰው አውቶሜሽን ባይነካ እመርጣለሁ። ዴቢያን የሊኑክስ ዓይነት ነው፤ ኡቡንቱም የተሠራው በእሱ ላይ ነው። በ2006 ቫልግሪንድ የሚባለው የሜሞሪ ስህተት ፈላጊ መሣሪያ ኦፕንኤስኤስኤል በሚባለው የምስጠራ ላይብረሪ ኮድ ውስጥ «ዋጋ ያልተሰጠው ሜሞሪ እየተነበበ ነው» የሚል ማስጠንቀቂያ ያወጣ ነበር። የዴቢያኑን ጥቅል የሚንከባከበው ሰው ማስጠንቀቂያውን ለማጥፋት ሁለት መስመር አስቀረ። መሣሪያው ዝም አለ። ከሁለቱ አንደኛው ግን የዘፈቀደ ቁጥር ማመንጫውን ግብዓት የሚቀላቅለው መስመር ነበር። እሱ ሲወጣ የቁልፎቹ መለያያ ሆኖ የቀረው የፕሮሰሱ መለያ ቁጥር ብቻ ነው። ያ ቁጥር ያኔ በነባሪው ከ32,768 አያልፍም ነበር። በዴቢያንና በኡቡንቱ ላይ የተፈጠረ የኤስኤስኤች (ወደ ሰርቨር በርቀት መግቢያ) ቁልፍ ማንም ላፕቶፕ ያለው ሰው ቁጭ ብሎ የሚሞክረው ሆነ። የታወቀው በሜይ 2008 ነው። ቁልፎቹ እንዳለ ተጥለው እንደገና መፈጠር ነበረባቸው።

ያ ሰው ሰነፍ አልነበረም። ኮዱን አይቷል፣ አስቧል። ዛሬ ቦት ያንኑ ሥራ በደቂቃ ውስጥ በመቶ ሪፖ (የኮድ ማከማቻ) ላይ ይሠራዋል። ስለዚህ ከክሪፕቶግራፊ፣ ከመግቢያ ማረጋገጫና ከክፍያ ጋር የተያያዘ ፋይል ላይ አውቶ-መርጅ (ሰው ሳያይ መቀላቀል) አይኑር። እነዚያን ማውጫዎች ለይታችሁ የሰው ፈቃድ የግድ አድርጉ።

ማስጠንቀቂያውን «ችላ በል» ብላችሁ የምታልፉት ከሆነም ምክንያቱንና የሚታይበትን ቀን ጻፉ። «በኋላ ይታያል» የሚል ኮሜንት ሲታይ ያየሁበት ጊዜ የለም።

የመጀመሪያውን ፓች የመጨረሻ አድርጎ ማሰብ

ሎግፎርጄን፣ የጃቫ ፕሮግራሞች ሎግ መጻፊያ ላይብረሪን፣ አስታውሱ። ዲሴምበር 2021 ላይ ሲቪኢ-2021-44228 (ሲቪኢ የታወቀ ክፍተት መለያ ቁጥር ነው) ሲወጣ የክብደት ነጥቡ 10 ከ10 ነበር። ሁሉም ወደ 2.15.0 ሮጠ። ቲኬቱ ተዘጋ። ብዙም ሳይቆይ ፓቹ ያልሸፈነው መንገድ እንዳለ ታወቀና 2.16.0 መጣ። ከዚያ 2.17.0። ወሩ ሳያልቅ 2.17.1። አውቶሜሽናችሁ «ለዚህ ሲቪኢ ይህ ቨርዥን ይበቃል» ብሎ ዘግቶ የሚተኛ ከሆነ በመጀመሪያው ቀን ጎበዝ፣ በሳምንቱ ባዶ ነው። ሌላም አለ። ሎግፎርጄ ብዙ ጊዜ በሌላ ጃር (የጃቫ ጥቅል ፋይል) ሆድ ውስጥ ታሽጎ ነበር የሚገኘው። የዲፔንደንሲ (ፕሮጀክቱ የሚጠቀማቸው ላይብረሪዎች) ዝርዝር ብቻ የሚያነብ ስካነር አላየውም።

ሁሉንም አፕዴት በአንድ ፍጥነት ማስገባት

ሁለት ካምፕ አለ። አንደኛው «የሚሠራን ነገር አትንካ» ይላል። ለእሱ የአሜሪካውን የብድር መረጃ ድርጅት ኤኪፋክስን እነግረዋለሁ፦ የሚጠቀምበት የድረ ገጽ መሥሪያ፣ የአፓቺ ስትራትስ፣ ክፍተት ፓች በማርች 2017 ወጥቶ ነበር፤ አጥቂዎቹ በሜይ በዚያው ክፍተት ገቡ፤ ወደ 147 ሚሊዮን ሰው መረጃው ተወሰደ።

ሁለተኛው ካምፕ አዲስ ነገር እንደወጣ ይጭናል። ለእሱ ደግሞ ሴፕቴምበር 8 ቀን 2025። ቾክና ዲበግ የሚባሉትን ጨምሮ በጣም ተፈላጊ የሆኑ የኤንፒኤም ጥቅሎች ባለቤት በፊሺንግ ተታሎ፣ የክሪፕቶ ገንዘብ የሚሰርቅ ኮድ ያለባቸው ቨርዥኖች ወጡ። በሁለት ሰዓት አካባቢ ውስጥ ተይዘው ተነሡ። በእነዚያ ሰዓታት አዲሱን የጫነው «ሁሌ የመጨረሻውን» ብሎ ቦቱን ያዘዘ ሰው ነው።

የታወቀ ክፍተት የሚደፍን አፕዴት ሲሆን ፍጠኑ፤ ተራ አፕዴት ሲሆን ጥቂት ቀን ይቆይ። ሬኖቬትም ዲፔንዳቦትም ለዚህ የሚሆን ቅንብር አላቸው። ከታወቁት ክፍተቶች መካከል ደግሞ የትኛው ይቅደም ለሚለው፣ የአሜሪካው የሳይበር ደህንነት ተቋም ሲሳ ከ2021 ጀምሮ የሚያወጣውን በተግባር ጥቃት የተፈጸመባቸው ክፍተቶች ዝርዝር ተመልከቱ። ነጥቡ 9 ሆኖ ማንም ያልነካው ክፍተት አለ፤ ነጥቡ 7 ሆኖ ዛሬ ማታ ሰው የሚገባበትም አለ።

ቦቱን ከሚገባው በላይ ማመን

ክፍተት የሚደፍነው ፓይፕላይን (ኮዱን በራሱ የሚፈትሽና የሚያወጣው መስመር) ራሱ ክፍተት ሲሆን ያሳዝናል። በማርች 2025 ቲጄ-አክሽንስ የሚባለው የጊትሀብ መሣሪያ ተጠልፎ የቨርዥን ታጎቹ ወደ ተንኮል ኮድ እንዲያመለክቱ ተደረገ። ኮዱ የፓይፕላይኑን የሚስጥር ቁልፎች ሎጉ ላይ ይጽፍ ነበር፤ ሪፖው ለሕዝብ ክፍት ከሆነ ሎጉንም ማንም ያነበዋል። የሦስተኛ ወገን አክሽን (እንዲህ ያለ የጊትሀብ መሣሪያ) ስትጠቀሙ ሊቀየር በሚችለው ታግ ሳይሆን የአንድን የኮድ ለውጥ በማይቀየር ቁጥር በሚለየው በሙሉው የኮሚት ሀሽ እሰሩት። ለቦቱ የምትሰጡት ቶክንም (የመግቢያ ፈቃድ) ፑል ሪኩዌስት ለመክፈት የሚበቃ ብቻ ይሁን።

ቁልፍን ከኮድ አጥፍቶ መገላገል

የኮድ ታሪክ የሚይዘው ጊት አይረሳም፤ የጠፋው ቁልፍ ታሪኩ ውስጥ አለ። አንዴ ኮድ ውስጥ የገባ ቁልፍ ይሻርና አዲስ ይውጣ።

በበዓል ዋዜማ አውቶ-ዲፕሎይን (ለውጥን በራሱ ሥራ ላይ የሚያውለውን) ክፍት መተው

ቦት ፋሲካን አያውቅም። የፈረንጁን ዲሴምበር 25 ያርፍልንና ለእኛ ገና ዋዜማ፣ ሰው ሁሉ ለቤተሰቡ ብር በሚልክበት ሰዓት፣ የክፍያ ሲስተሙን ያድሳል። የወር ደመወዝ የሚገባበት ቀንም እንዲሁ። ካላንደሩን እናንተ አስገቡለት። ለአስቸኳይ ፓች ግን የሚወስን ሰው ይኑር፤ በዓል ነው ተብሎ የሚጠቃ ክፍተት ሳምንት አይቆይም።

መርጅ ሆነ ማለት ተተካ ማለት ነው ብሎ ማሰብ

ከብሔራዊ ቴአትር ወደ ሰንጋ ተራ በተደረደሩት ሕንጻዎች ባለ አንድ ቢሮ ውስጥ ያጋጠመኝ ነው። ዳሽቦርዱ ሙሉ በሙሉ አረንጓዴ ነው። ሪፖው ላይ አዲሱ ቨርዥን አለ። ቦቱ የሰርቨሩን ኦፕንኤስኤስኤልም አድሶታል፤ ዲስኩ ላይ ያለው ፋይል አዲስ ነው። ችግሩ፣ ድረ ገጹን የሚያስተናግደው ፕሮሰስ ከእድሳቱ በፊት እንደተነሣ ነበር። አንድ ፕሮሰስ ሲነሣ የጫነውን ላይብረሪ ሜሞሪው ላይ ይዞ ይቆያል። ፋይሉ ቢተካም እሱ በአሮጌው መሥራቱን ይቀጥላል። የተከፈቱ ፋይሎችን የሚዘረዝረውን ኤልኤስኦኤፍ ስናስሮጥ አሮጌው ላይብረሪ «የተሰረዘ» ተብሎ ተጽፎበት፣ ግን በሥራ ላይ ሆኖ ተገኘ። ስካነሩ የሚያየው የተጫነውን ጥቅል ቁጥር ስለነበረ ምንም አላለም።

ኮንቴይነር (አፑን ከሚያስፈልገው ሁሉ ጋር አሽጎ የሚያስነሣ) ለምትጠቀሙም ያው ነው። ሪፖው ታደሰ ማለት ኮንቴይነሩ የሚነሣበት ኢሜጅ እንደገና ተገነባ ማለት አይደለም። ቤዝ ኢሜጁን (መሠረት የሆነውን) ማን፣ መቼ እንደሚያድሰው ካልተወሰነ ማንም አያድሰውም።

ዴቢያንና ኡቡንቱ ላይ ኒድሪስታርት የሚባል መሣሪያ አለ፤ የትኛው አገልግሎት እንደገና መነሣት እንዳለበት ይነግራችኋል። ከእያንዳንዱ እድሳት በኋላ እንዲሮጥ አድርጉት፤ ውጤቱም አለርቱን ከሚዘጋው እርምጃ በፊት ይምጣ። ሪስታርት የማድረግ ፈቃድ ያለው ማን እንደሆነም ቀድማችሁ ጠይቁ። እዚያ ቢሮ ፈቃዱ ያለው ሰው ለመስክ ሥራ ክፍለ ሀገር ወጥቶ፣ ስልኩ «ሊያገኟቸው አይችሉም» ሲለን ነው የዋለው።